የቤተ መንግሥቱን ድንጋይ ማን ጠረበው?

   

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ የእህቴ ልጅ ነው። ልጁ ከሠራዊቱ ሊሰናበት ጥቂት ወራት ቀርተውታል። እንደምታውቁት እዚህ አገር ብዙ ወጣት ከጦር ሲወጣ ገንዘብ አጠራቅሞ ረጅም ጉዞ ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ታይላንድ፣ አንዱ ወደ ሕንድ፣ አንዱ ወደ ደቡብ አሜሪካ። ታዲያ ባለፈው ሰንበት ወላጆቼ ቤት ተሰብስበን፣ የሰንበቱን ዳቦ በልተን ስንጨዋወት፣ እኔም በተራዬ የጥንት ቤተ መቅደሶችንና የነገሥታትን ግቢ ለማየት ጎረቤት አገር የዞርሁትን ሳወራ ልጁ ሳቀብኝ። «አጎቴ፣ ድንጋይ ለማየት ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል እንዴ? ኢየሩሳሌም ሁሉ ድንጋይ አይደለም ወይ?» አለኝ። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቁት አባቴ ብቻ ነበሩ። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለልጁ የምመልስለት መልስ ነበረኝ፣ ግን በሳቅ መካከል የሚነገር አይደለም። እነሆ እዚህ ልጻፈው፤ ምናልባት የእናንተም ልጆች ይህን ጥያቄ ጠይቀዋችሁ ይሆናል።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ምሁር አይደለሁም። የሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ ብየዳና የብረት ሥራ ነው የተማርሁት። በውትድርናዬም በመሐንዲስ ጦር ውስጥ አገልግያለሁ። አሁን በ30ዎቹ ዕድሜ ላይ ነኝ፤ በርና መስኮት እየበየድሁ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በሠራተኛ ዓይን ያየሁትን ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ዮርዳኖስ ነው፣ ፔትራን ለማየት፣ በ2017። እስራኤልና ዮርዳኖስ በ1994 የሰላም ውል ስለፈረሙ እኛ ከኤላት ተነሥተን ፓስፖርታችንን አሳይተን በሰላም ተሻገርን፤ ከአቃባም ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ነው። ከዚያ በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። በ1950ዎቹ የእስራኤል ወጣቶች ፔትራን ለማየት ሲሉ ሌሊት ድንበር እየተሻገሩ ይሄዱ ነበር፤ ከ10 በላይ የሚሆኑት ተገድለው ቀርተዋል። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ሆይ፣ ድንጋይ ለማየት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወትም የከፈሉ አሉ! ልክ አደረጉ እያልሁ አይደለም። ሰው ጥንታዊ ነገር ለማየት ያለው ጉጉት ቀላል አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ፔትራ የናባጣውያን ዋና ከተማ ነበረች። ዕጣንና ቅመም የሚነግዱ ሕዝቦች ናቸው። የሚገባው በሁለት ገደል መካከል ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሄድ ጠባብ መንገድ ነው። መንገዱ ሲያልቅ ከፊት ለፊት «ግምጃ ቤት» የሚሉት ብቅ ይላል፤ ቁመቱ 40 ሜትር ያህል፣ ከነዓምዱና ከነጌጡ ከአንድ ገደል የተፈለፈለ። ዕድሜው ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ስሙ ግምጃ ቤት ይባል እንጂ የንጉሥ መቃብር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ከእሱ አለፍ ሲሉ ደግሞ የነገሥታት መቃብር የሚባሉት በተርታ ይታያሉ፤ አንደኛው ቤተ መንግሥት ስለሚመስል ስሙም «የቤተ መንግሥቱ መቃብር» ነው።

አስጎብኚው የነገሥታቱን ስም ሲዘረዝር ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ተተከለ። ግድግዳው ላይ የመሮ ምልክት አለ፤ ሰያፍ ሰያፍ የሆነ መስመር፣ ከ2 ሺህ ዓመት በኋላም በግልጽ የሚታይ። እኔ በሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ብረት እንደሚደነዝዝ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ብረት ይበላል። እና «ይህን ያህል ገደል ለመጥረብ ስንት መሮ ደነዘዘ? በየቀኑ ማን ሳለው? ወናፉን ማን ነፋ?» እያልሁ ቆምሁ። እዚያ አጠገብ የሆነ ቦታ አንድ ቀጥቃጭ ከሰል አንድዶ፣ መስፉን ተክሎ ተቀምጦ መሆን አለበት። ያለ እሱ ይህ ሁሉ ውበት የለም። ስሙን ግን ማንም አያውቅ፣ ማንም አይጠይቅ።

ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አሉኝ።

አባቴ በቋራ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ ቢላዋ ይሠሩ ነበር። ከሩቅ ቀበሌ ሰው እየመጣ «የእርስዎ ማረሻ አይሰበርም» ይላቸው ነበር። ቀን እንዲህ የሚል ሰው ማታ ልጁ ሲታመምበት ደግሞ «ቡዳው በላብኝ» ይላል። ይህን ከእኛ ወገን የማያውቅ የለም፤ ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ቀጥቃጩም ቀምሶታል። «ባለ እጅ» የሚለው ቃል እኮ ሲያስቡት ምስጋና ነው፤ እጅ አለው፣ ሥራ ያውቃል ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ስድብ ሆኖ ኖረ።

በ1999 የቋራ ሰዎች ወደ እስራኤል ስንመጣ እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በጎንደር ስናልፍ የፋሲልን ግቢ አጥር አየሁና «አባ፣ ይህ የማን ቤት ነው?» አልኋቸው። «የንጉሥ ነው፤ ዝም ብለህ ሂድ» ብለው እጄን ጎተቱኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ፔትራ ላይ ቆሜ ነው ያ የእጅ መጎተት ከ18 ዓመት በኋላ የተሰማኝ።

ከፔትራ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በከፍታው ላይ ሆነው ሲያዩ ከሩቅ ተራራ ጫፍ ላይ ነጭ ጉልላት ይታያል። የካህኑ የአሮን መቃብር ነው ብለው የአካባቢው ሰዎች ያከብሩታል። ኦሪት አሮን በሖር ተራራ እንደ ሞተ ትናገራለች። ቄሶቻችንን እያሰብሁ ወደዚያ ዞሬ ጸሎት አደረስሁ። የሰው አገር ተራራ ላይ የራስን አባት ስም ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስደስት ያየ ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2018፣ ግብፅ ለመሄድ አሰብሁ። እዚህ ላይ ግን ነገር ተነሣ። እናቴ «ከግብፅ ያወጣንን አምላክ እያመሰገንን ፋሲካ እናከብራለን፣ አንተ ደግሞ በገንዘብህ ትመለሳለህ?» አሉኝ። እውነትም በኦሪት ዘዳግም በዚያ መንገድ እንዳንመለስ የሚከለክል ቃል አለ። ነገሩን በንቀት ማለፍ አልፈለግሁም፤ ለአንድ ሽማግሌ ቄስ ሄጄ ጠየቅሁ። ቄሱ ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ ልትኖርበት ከሆነ አይሆንም። አይተህ ልትመለስ ከሆነ ግን ሂድ፤ ያየኸውንም በፋሲካ ንገረን» አሉኝ። ታላቁ ሊቅ ራምባም ራሱ ዕድሜውን ብዙውን በግብፅ እንደኖረ በኋላ አነበብሁ። እንግዲህ በዚህ የሚለያይ አስተያየት እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ የቄሴን ቃል ይዤ ሄድሁ።

ካይሮ ደርሼ በባቡር ወደ ሉክሶር ወረድሁ። የካርናክን ቤተ መቅደስ ያላየ ሰው ትልቅ ሕንፃ አይቻለሁ አይበል! በአንዱ አዳራሽ ውስጥ ብቻ 134 ዓምዶች አሉ፤ መካከለኞቹ 12 ዓምዶች ቁመታቸው 21 ሜትር ያህል ነው። በደቡብ በኩል ባለው በር አጠገብ ንጉሥ ሺሻቅ የማረካቸውን ከተሞች ስም ያስቀረጸበት ግድግዳ አለ። በመጽሐፈ ነገሥት በሮብዓም ዘመን መጥቶ የቤተ መቅደሳችንን መዝገብ የዘረፈው የተባለው ንጉሥ ነው። ከኢየሩሳሌም ሄጄ በዚያ ግድግዳ ፊት ስቆም ምን እንደተሰማኝ መግለጽ ይከብደኛል። እሱ ከነአማልክቱ በግድግዳ ላይ ቀርቷል፤ እኛ ግን ሰንበታችንን እያከበርን አለን።

ሆኖም ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው ማንም ፎቶ የማያነሳው ነገር ነው። ከመጀመሪያው ትልቅ በር በስተጀርባ የጭቃ ጡብ ክምር አለ። በሩ ሥራው ሳያልቅ የቀረ ስለሆነ ሠራተኞቹ ድንጋይ ወደ ላይ የሚያወጡበት መወጣጫ ሳይፈርስ እስከ ዛሬ ቆይቷል። የጭቃ ጡብ! ያ በር ከሙሴ ዘመን በብዙ መቶ ዓመት የሚያንስ መሆኑን አስጎብኚው ነግሮኛል፤ አባቶቼ ያቦኩት ጡብ ነው አልልም። ግን ልጅ ሆኜ በፋሲካ ማታ «ጭድ ከለከሏቸው፣ የጡቡን ቁጥር ግን አልቀነሱላቸውም» ሲባል የሰማሁት ነገር በዓይኔ ፊት ቆመ። የታላቁ ድንጋይ ሥር ጭቃ ነው፤ ጭቃውን ያቦካ ሰው ስሙ የለም።

ከዓባይ ማዶ ደግሞ ዴር ኤል መዲና የሚባል ቦታ አለ። የነገሥታቱን መቃብር የሚቆፍሩና የሚቀርጹ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የኖሩበት መንደር ነው። የቤታቸው መሠረት አሁንም አለ፤ አንዱ ክፍል ከእኔ የቂርያት ሃዮቨል ሳሎን አይበልጥም። እነዚህ ሰዎች በሸክላ ስባሪ ላይ ብዙ ጽሑፍ ትተዋል። የመዳብ መሮ ሲሰጣቸው በሚዛን ተመዝኖ ነበር፤ ሲደነዝዝ ይመልሱታል፣ ተስሎ እንደገና ይሰጣቸዋል። በፔትራ የጠየቅሁትን ጥያቄ ግብፅ መለሰችልኝ! ደግሞም በሦስተኛው ራምሴስ 29ኛ ዓመት፣ ከዛሬ 3,100 ዓመት በላይ መሆኑ ነው፣ የእህል ደመወዛቸው ስለዘገየ ሥራ አቁመው ሄደው በቤተ መቅደስ አጠገብ ተቀምጠዋል። በታሪክ በጽሑፍ የታወቀው የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ እሱ ነው ይባላል። እኔም ከዚያ መንደር ስወጣ ቤተ መቅደስ ማየት ማለት ንጉሥ ማየት ብቻ አለመሆኑ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ማረፍ አልቻልሁም። የፈርዖንን ሠራተኞች ቤት አይቼ የራሴን አባቶች ሥራ ሳላይ መቅረት ነውር ሆነብኝ። አባቴን «ጎንደር እንሂድ» አልኋቸው። «ጎንደር ምን አለኝ?» አሉ። አንድ ዓመት ሙሉ እምቢ ካሉ በኋላ፣ እዚያ ቀርተው የሚጠባበቁትን ወንድማቸውን ለማየት ብለው እሺ አሉኝ። በ2020 መጀመሪያ፣ ኮሮና ዓለምን ከመዝጋቱ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሁለታችን ሄድን።

ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከተማዋን አፄ ፋሲለደስ በ1636 ዋና ከተማ አደረጓት፤ ከእሳቸው በኋላ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብም በዚያው ግቢ የየራሳቸውን ሠርተዋል። አስጎብኚው ጨዋ ልጅ ነበር፤ «ይህን ፋሲል ሠሩት፣ ይህን ኢያሱ ሠሩት» እያለ አዞረን። አባቴ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። በአፄ ኢያሱ ቤት አጠገብ ስንደርስ ቀስ ብለው «ንጉሥ ድንጋይ ይሸከማል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ቀረብ ብለው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፣ የተጠረበውንም ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። «ይህን የጠረበው መሮ በደንብ የተሳለ ነው» አሉ። እኔ ስለ ፔትራው መሮ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ በወንድማቸው ቤት ነው የነገሩኝ። አያታቸው «በዚያ ግንብ ውስጥ የእኛ ሰዎች እጅ አለ» ይሏቸው ነበር፤ ነገር ግን «በሰው ፊት አታውሩት» ብለው ያስጠነቅቋቸው ነበር። ለምን? ግንበኛ፣ ቀጥቃጭ ብሎ መናገር ራስን ለስድብ መስጠት ስለነበር። አባቴም በ1999 እጄን የጎተቱኝ ስለዚህ ነው። ግንቡን ስለሚጠሉት አልነበረም። የሚሉኝን ነገር ሰው እንዳይሰማ ፈርተው ነበር።

ታሪኩን ሊቃውንትም ጽፈውታል። ወገኖቻችን በሰሜን ተራሮች የራሳቸው ገዢዎች ነበሯቸው፤ በ1620ዎቹ አፄ ሱስንዮስ ድል አደረጓቸው፣ ብዙዎቹ ርስታቸውን አጡ። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል፤ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ድንጋይ ካቡ። የሱስንዮስ ልጅ ፋሲል ጎንደርን ሲመሠርቱ ደግሞ ግንበኛ፣ አናጢና ቀጥቃጭ አስፈለገ። አባት መሬታችንን ወሰዱ፤ ልጅ እጃችንን ፈለጉ። በጎንደር ዘመን ስለ ሥራቸው መሬትና ማዕረግ ያገኙም እንደነበሩ ተጽፏል። እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ፤ «ጎንደርን እኛ ብቻ ሠራነው» ማለት ውሸት ነው። ሌሎች የአገር ሰዎችም፣ የውጭ ባለሙያዎችም እጅ አለበት። የእኛ እጅ የለበትም ማለትም እንዲሁ ውሸት ነው። እውነቱ በመካከል ነው፣ እሱም ለእኛ ይበቃናል።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው፦ የጥንት ቤተ መቅደስና ቤተ መንግሥት እንይ፤ ስናይ ግን «የማን ንጉሥ ነው?» ብለን ብቻ አንመለስ፣ «በማን እጅ ተሠራ?» ብለን እንጠይቅ። ከሌላውም ሕዝብ ይልቅ ይህ ጥያቄ የእኛ ነው፤ ምክንያቱም በእጃችን የሰው ቤተ መንግሥት ሠርተን፣ ለራሳችን ግን በሣር ክዳን ጸሎት ቤት ውስጥ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረን የጸለይን ሕዝብ ነን።

በዚህ የማይስማሙ አሉ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «የጣዖት ቤት ማየት ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ማየት ግን መስገድ አይደለም። እኔ ከካርናክ የተመለስሁት እምነቴ ጠንክሮ ነው። ሌሎች ደግሞ «ያዋረዱንን ሰዎች ግንብ ለምን እናደንቃለን?» ይላሉ። አባቴም እንዲህ ያስቡ ነበር። የእኔ መልስ፣ ግንቡን ከተውነው የአባቶቻችንንም እጅ አብረን እንተዋለን የሚል ነው። ስድቡ የተሳዳቢው ነው፤ ሥራው ግን የእኛ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ «ባሕር ዳርቻ ይሻላል» ይላሉ። ይሂዱ! ሦስት ዓመት ጠመንጃ የተሸከመ ትከሻ ማረፍ ይገባዋል፣ እኔም ወታደር ስለነበርሁ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ከጉዞው አንድ ሳምንት ለዚህ ቢሰጡ አይጎዱም።

«ታዲያ ዛሬውኑ እንነሣ?» ካላችሁኝ አይደለም። ከጥቅምት 2023 ወዲህ የእስራኤል መንግሥት ስለ ግብፅና ስለ ዮርዳኖስ ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በአማራ ክልልም በ2023 ክረምት ውጊያ ተነሥቶ፣ በነሐሴ ከጎንደርና ከባሕር ዳር 200 ያህል ሰዎች በእስራኤል መንግሥት ወጥተዋል። ጎንደር ያላችሁ ወገኖቻችን ምን እንደምታሳልፉ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ስለዚህ ማንም ቲኬት ከመግዛቱ በፊት የዕለቱን ማስጠንቀቂያ ይመልከት። ድንጋዩ ሺህ ዓመታት ጠብቋል፤ ጥቂት ዓመት ቢጨምር አይከፋውም። ሰላም ሲመጣ እንሄዳለን።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሚታይ አለ። ልጆቼን ይዤ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና እሄዳለሁ። ደብረ ገነት የተባለውን ክብ ቤተ ክርስቲያን አፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጽሟል። የእኛ ጸሎት ቤት ባይሆንም ያገራችን ነገሥታት በኢየሩሳሌም ድንጋይ የተከሉት ነው፤ መነኮሳቱም በአማርኛ ሰላም ይሉናል። ልጆቼ «ይህን ንጉሡ ሠሩት?» ሲሉኝ «ንጉሡ ከፈሉ፤ ጠርቦ ያቆመው ሌላ ነው» እላቸዋለሁ። አሁን ራሳቸው ሕንፃ ባዩ ቁጥር «የጠረበው ማነው?» ማለት ጀምረዋል።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ደግሞ የሄርጽል ተራራ አለ። በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጡ በመንገድ ያለቁት 4,000 ያህል ወገኖቻችን መታሰቢያ በዚያ በ2007 ተመርቋል። ከእነዚያ መካከል ስንቱ ቀጥቃጭ፣ ስንቱ ሸማኔ፣ ስንቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች? ብዙዎቹ ቤተ መቅደሱ በወርቅ ተለብጦ የሚጠብቃቸው መስሏቸው ነበር የተነሡት። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1999 ምዕራባዊው ግንብ ፊት ወስደናቸው «ግንቡስ ይኸው፤ ቤተ መቅደሱ የታለ?» ብለው ጠየቁን። መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ድንጋዩን ስመው አለቀሱ። እኔ ዛሬ ከሦስት አገር ፍርስራሽ በኋላ የአያቴን ልቅሶ ትንሽ ተረድቼዋለሁ። የፈርዖን ቤት ቆሟል፣ የናባጣውያን ገደል ቆሟል፣ የፋሲል ግንብ ቆሟል፤ የእኛ ፈርሷል። ጸሎቱ ግን ያለ ሕንፃ ሁለት ሺህ ዓመት ቆመ። በየዓመቱ በሲግድ በተራራ ላይ የምንቆመው ያንን ይዘን ነው።

በመጨረሻ ለሁላችሁም አንድ ልመና አለኝ። ይህን ስታነቡ አባትና እናታችሁ በሕይወት ካሉ፣ በሚመጣው ሰንበት ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ምን ትሠሩ ነበር? ማን አስተማራችሁ? ለማን ሠራችሁ? መልሱን ጻፉት ወይም በስልካችሁ ቅዱት። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ መወርወሪያ፣ እንዝርት የሚሉትን ስሞች ከነአሠራራቸው ጻፉ። አባቴ እዚህ አገር ከመጡ በኋላ እስከ ጡረታ የሰው ቢሮ ሲያጸዱ ነው የኖሩት፤ መዶሻ አልያዙም። የልጅ ልጃቸው ቀጥቃጭ እንደነበሩ እንኳ በደንብ አያውቅም። ባለፈው ሰንበት ሁሉም ሲስቅ ዝም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሆይ፣ መልሴ ይኸው። ኢየሩሳሌም ሁሉ ድንጋይ ነው፣ እውነትህን ነው። ድንጋይ ለማየት ግን ገንዘብ አትክፈል፤ እጅ ለማየት ክፈል። ታይላንድ ከመሄድህ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ ና፤ አያትህንም አመጣቸዋለሁ። መሮ እንዴት እንደሚሳል ያሳዩሃል።

እግዚአብሔር ለአገራቱ ሁሉ ሰላሙን ያውርድ፤ የቀሩትንም ወገኖቻችንን በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!